ይቅር የውሻ ስም ነው

ወንድሜ ተሾመ ውሻዬ መሞቱን አልነገረኝም። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ ስለዚህ «ሙሉዓለም ነገር ታከርራለች» እያላችሁ የምታሙኝ ሰዎች መጀመሪያ ይቺን ስሙልኝ።

የሰማሁት ዲላ ገበያ፣ ቆጮ ተራ ነው። ከቡሌ የወረደች ቆጮ ሻጭ ቆጮዬን በኮባ እየጠቀለለችልኝ፣ «ያ ያሳደግሽው ቀዩ ውሻ እንዴት ያለ ነበር፤ ያሳዝናል» አለችኝ። ነበር አለች። «ምን ሆነ?» ብላት ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! አልሰማሽም እንዴ?» ለካ ከርከሮ ሆዱን ዘርግፎት ከሞተ ቆይቷል። የገዛ ወንድሜ በሚመራው አደን ላይ፣ የገዛ ወንድሜ ዓይኑ እያየ! እኔ ግን በገበያ መሃል፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ፣ ከቆጮ ሻጭ አፍ ሰማሁት። በእኛ አገር እኮ እንኳን ለሞተ ለታመመም ሰው ይላካል።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። «ጎበዜ ሞቷል አሉ» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ለውሻ ደግሞ መርዶ ሊነገር ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እኮ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፤ ቆጮዬንም እዚያው ረስቼ ሄድኩ።

ለማታውቁት ላስረዳ። የተወለድነው ቡሌ ነው፤ ቡሌ ደጋ ነው። የእንሰት ጠላቱ ደግሞ ከርከሮ ነው። አንድ ከርከሮ የገባበት ጓሮ በነጋታው ስታዩት በበሬ የታረሰ ይመስላል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ተሰባስበው ውሾቻቸውን አንድ ላይ እየነዱ ያድናሉ፤ አለቃቸው ተሾመ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ቡችሎቹ ግን እዚያ አይበረክቱም። ብርዱ ይፈጃቸዋል፤ ከብርዱ የተረፈውን ትልልቆቹ ውሾች ምግብ ላይ ይቦጫጭቁታል። በዚህ የተነሳ ጡት እንደተዉ ወደ ሙቀቱ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ዘመድ ቤት ይላካሉ። ዘመድ ያሳድጋል፣ ስም ያወጣል፣ አመል ያሲዛል፤ ውሻው ጥርሱን ቀይሮ ደረቱ ሲሰፋ ደግሞ መጥተው ይወስዱትና ከመንጋው ጋር ይቀላቅሉታል። አንድ ሕግ አላቸው፤ አሳዳጊ ያወጣው ስም አይቀየርም። ውሻ ከጫካ የሚመለሰው በለመደው ስሙ ነው። ስሙን ሰምቶ ካልተመለሰ የከርከሮ ጥርስ ይቀበለዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የሞያሌ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤት አይገኝም፤ ጎበዜን ያሳደግሁት ብቻዬን፣ በልብስ ስፌት መኪናዬ ሥር ነው። ፔዳሉን ስረግጥ ጭንቅላቱን እግሬ ላይ ጣል አድርጎ ይተኛ ነበር። ሲወስዱት ያለቀስኩትን እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው። ግን ለሥራ ነው፤ ለእናቶቻችን እንሰት ነው፤ ይሂድ ብዬ ሰጠሁ። ታዲያ የሰጠ ሰው ሲሞትበት አይነገረውም?

ወራት አለፉ፤ ተሾመ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። ከዚያ አንድ ቀን አንድ የአይሱዙ ሹፌር ደጄ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋና የብስኩት ካርቶን አወረደልኝ። «ከቡሌ፣ ከወንድምሽ ነው» አለ። ከፍቼ ሳየው ቡችላ! ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሆዱ ብቻ የሆነ ቡችላ። ሰላምታ የለ፣ «እንዴት ሰነበትሽ» የለ፤ እንደ ድንች በካርቶን! ኋላ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ «ቡችላ ልኬያለሁ ተቀበዪ» ይላል። ደሜ ፈላ። ካርቶኑን አንስቼ ልመልስለት ስል ሹፌሩ ሄዷል፤ ቡችላው ደግሞ እየተንቀጠቀጠ አውራ ጣቴን ይጠባል። እሱ ምን አደረገኝ?

ጎረቤቴ ባህሩዲን ከመኪና መለዋወጫ ሱቁ ብቅ ብሎ ያያል። ባህሩዲን ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ዲላ የነገደ ደግ ሰው ነው። ከውሻ ጋር ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ምራቁ ልብሱን እንዳይነካው። ሶላት አለበት። ጎበዜ ወደ እሱ ሲጠጋ በመጥረጊያ እንጨት ቀስ አድርጎ ይገፋው ነበር፤ የምሳውን አጥንት ግን በፌስታል ቋጥሮ ደረጃዬ ላይ ያስቀምጥለት ነበር።

«እህቴ ሙሉ፣ ይሄን ደግሞ ማን ልትዪው ነው?» አለኝ።

«ይቅር።»

«ይቅር? ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ስሙ ነው። ይቅር!»

መቼም ሰው ለውሻው ስም የሚያወጣው ለውሻው ብቻ ብሎ አይደለም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው። በእኛ ሰፈር «ምን አገባህ» የሚባል ውሻ አለ፤ የሚጠራው ለውሻው ነው፣ ነገሩ የሚደርሰው ለአጥሩ ማዶ ሰው ነው። እኔም አስቤበታለሁ። አንደኛው፣ ይቅርብኝ፤ እንዲህ ያለ ወንድምነት ይቅርብኝ ማለቴ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ተሾመ ይህን ውሻ ይዞ በቡሌ ተራራ ለተራራ ሲዞር፣ አገር እየሰማ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ «ይቅር! ይቅር!» ብሎ መጣራት አለበት። ለእኔ አንዴ ማለት ያቃተውን ቃል ለውሻ ጠዋት ማታ ይበለው!

ይህን ስነግረው ባህሩዲን ግንባሩን ይዞ ሳቀ። «አስተግፊሩላህ! አንቺ ሴትዮ፣ ሰይጣን ራሱ ይቺን አላሰባትም።» ከዚያ ሳቁን ተወና ቡችላውን አየው። «ግን በሁለታችሁ መሃል ይሄ ምን በወጣው?» አለ። እኔ ካርቶኑን አንስቼ ገባሁ።

አሳደግሁት። ማሳደግ ስላችሁ አጥንት መወርወር እንዳይመስላችሁ። ይቅር የደንብ ልብስ እጅጌ በላ፣ የክር ጥቅል በላ፣ የባለቤቴን አንድ እግር ጫማ በላ። ሁለቱንም ቢበላ ምን አለበት? ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዤው በአውራ ጎዳናው ዳር እወጣለሁ፤ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ እንዳይበረግግ። ዶሮ ተራ ወስጄ ዶሮዎቹ መሃል አስቀምጠዋለሁ፤ ዓይኑን ካነሳ ጆሮውን ቆንጠጥ። መንገድ ላይ የወደቀ ሥጋ እንዳይነካ አስተማርኩት፤ በዚህ ከተማ መርዝ የሚጥል ሰው አለና። ከሁሉ በላይ ግን ስሙን አስተማርኩት። «ይቅር!» ካልኩ የያዘውን ይጥላል፣ የሚያባርረውን ይተዋል፣ ወደ እኔ ይመጣል። መኪናዬ እየተንጫጫ በሹክሹክታ ብጠራው እንኳ ከግቢው ጥግ ይሰማኛል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ «ማዘር፣ ይሄ ውሻ ከእኛ በላይ ነው ሌክቸር የሚከታተለው» ይሉኝ ነበር።

ደረቱ ሰፋ፤ ተሾመ መጣ። በራሱ እግር መጣ፣ ጋቢውን ለብሶ። ስለ ጎበዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሻይ ላፍላ ስለው እቸኩላለሁ አለ። ውሻውን አገላብጦ ጥርሱን፣ መዳፉን፣ ጀርባውን አየ፤ ደስ ብሎታል፣ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ስሙ ማነው?»

«ይቅር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ተሾመ ሞኝ አይደለም፤ ወዲያው ገባው። «ሌላ ስም የለውም?» አለኝ።

«አሳዳጊ ያወጣው ስም አይቀየርም። ሕጉ የማን ነው? የእኔ ነው?»

ገመዱን አስሮ ጎተተው። ይቅር እየዞረ እየዞረ አየኝ፤ አንገቱ እስኪጣመም። እኔ ገብቼ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ቀጥሎ የሰማሁትን ደግሞ ከማን ሰማሁት? ከዚያችው ከቆጮ ሻጭ! ለቤተሰቤ ወሬ ወኪል ሆናለች መሰለኝ። «ወንድምሽ ውሻውን ጃክ ይለዋል፤ ግን ሲጠራው አይሰማም። ታስሮ ነው የሚውለው» አለችኝ። «አሁንማ ተስፋ ቆርጧል። የከተማ ውሻ ደንቆሮ ነው፣ የማይሠራ ውሻ አልቀልብም፣ ይወገዳል ብሏል።»

ይወገዳል! ደንቆሮ! ይቅር ነው ደንቆሮው? አንዲት ቃል ከአፉ እንዳትወጣ ብሎ የሰው ልፋት፣ የእግዜር ፍጥረት ሊያስወግድ! በማግስቱ ሱቄን ዘጋሁ። ባህሩዲን «ወዴት ነው?» ቢለኝ «ውሻዬን ላመጣ!» አልኩት። የመንገድ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሰጠኝ።

የቡሌን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው እስከቻለበት ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ በእግሬ፣ በጭቃ፣ የምናገረውን ለራሴ እየተናገርኩ። ስደርስ አዳኞቹ ጦራቸውን ይዘው አጥር ሥር ተሰብስበዋል፤ ከርከሮ የአንዱን ጓሮ አውድሞ ኖሮ ሊወጡ ነው። ሽማግሌያቸው ጋሽ አብዲሳም አሉ፤ ያደኑበት ዘመን አልፎ አሁን ከዳር ቆመው የሚመርቁ ሰው ናቸው። ይቅር ቀርከሃ አጥር ላይ ታስሯል። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ገመዱ አንገቱን ልጦታል። ሲያየኝ እንዴት እንደጮኸ አልነግራችሁም።

«ተሾመ!» አልኩ፤ እንዴት ዋላችሁም አላልኩ። «ይህ ውሻ ምን አጠፋ?»

«አይሰማም» አለ።

«በስሙ ጠርተኸው መች አልሰማ አለህ?»

«ስሙ ጃክ ነው።»

«ጃክ! ጃክ የማን ዘር ነው ባክህ? አባታችን ነው ያወጣው?» ሰዎቹ ሳቁ። የተሾመ ፊት ጠቆረ። «በሰው ፊት በውሻ ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው?» አለ።

«አይ፣ ልወስደው ነው የመጣሁት። አንተ ውሻ አትችልም፤ ሰውም አትችልም!» አልኩና ገመዱን ፈታሁት። ይኼኔ ነው ቀድመው የወጡት ውሾች ከላይ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባንዴ የጮኹት። የይቅር ጆሮ ቆመ። ገመዱ መዳፌን ልጦኝ ከእጄ አመለጠ። የሚያሳዝነው መንጋው ወዳለበት አልሄደም፤ ሽታውን ተከትሎ ብቻውን ቁልቁል ወደ ሸለቆው ወረደ።

ሁላችንም ወደ አፋፉ ሮጥን። ከታች ቀርከሃው ሳሳ ብሎ ይታያል። ከርከሮዋ ግልገሎቿን ከኋላዋ አድርጋ ቆማለች፤ ይቅር ፊት ለፊቷ። አንዱ ሰውዬ «እናት ናት! መልሱት፣ ትቀደዋለች!» ብሎ ጮኸ።

«ጃክ!» አለ ተሾመ። «ጃክ! ጃክ!» ውሻው ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ከርከሮዋ አንገቷን ደፋች።

ተሾመን አየሁት። አየኝ። ግንባሩ ላቡን ያወርደዋል፤ አፉ ይከፈትና ይዘጋል። «በለዋ!» አልኩት። «ጥራዋ! ታውቀው የለ!» ከንፈሩን ነከሰ። እኔም ነከስኩ። በልቤ፣ ዛሬ ይላታል፣ ዛሬስ ግድ ይለዋል እያልኩ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ይህን እያልኩ ቆምኩ። ከዚያ ከርከሮዋ ስትንደረደር ጎበዜ ትዝ አለኝ፤ የባህሩዲን ጥያቄም አብራ መጣች።

«ይቅር!» አልኩ። «ይቅር! ይቅር! ይቅርርርር!» ተራራው መለሰልኝ።

ይቅር እንደ ተጠቀለለ ክር ባለበት ዞረ። ከርከሮዋ አለፈችው፤ ጭራውን ብቻ ነካችው። ሽቅብ፣ በጭቃው፣ ምላሱን አውጥቶ መጣና ደረቴ ላይ ወጣ። ሁለታችንም ወደቅን።

ቀና ስል ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ጋሽ አብዲሳ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለእርቅ እርጥብ ሣር ነጨት አደረጉና ወደ እኔ መጡ። «እሰይ!» አሉ። «እሰይ ልጄ! ታናሽ ሆነሽ ቀድመሽ ይቅር አልሽ። አገር እየሰማ ይቅር አልሽ። ዋቃ ያክብርሽ!» ሣሩን እጄ ላይ አደረጉት። አዳኞቹ «እልል በሉ እንጂ!» ይባባላሉ። ለካ የውሻውን ስም አንዳቸውም አያውቁም! ጃክ እያለ ደብቆባቸው፣ እኔ ወንድሜን ይቅርታ የለመንኩ መስሏቸው!

«ተሾመ፣ አንተስ?» አሉ ጋሽ አብዲሳ።

እና ተሾመ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጋቢውን አስተካከለ። «እኔም ይቅር ብያታለሁ» አለ።

ብያታለሁ! እሱ! እኔን! እኔ ነኝ የበደልኩት እንግዲህ! ከጭቃው ላይ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ውሻውን ነው የጠራሁት!» አልኩ። «ጋሽ አብዲሳ፣ ይቅር የውሻ ስም ነው! ውሻውን ነው የጠራሁት እንጂ እሱን ማን ጠራው!» ከዚያ ያው ጀመርኩ፤ ጎበዜን፣ ቆጮ ተራውን፣ ስልኩን፣ ሳቁን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የሚያስቆመኝ አልነበረም። ስጨርስ ጋሽ አብዲሳ ሣሩን ከእጄ ወስደው ወደ ተሾመ ዞሩ።

«ለእህትህ አልነገርክም?»

«ጋሼ፣ ውሻ እኮ ነው።»

«ውሻውን አልጠየቅሁህም። ለእህትህ አልነገርክም ወይ ነው ያልኩህ።»

ተሾመ መሬት መሬቱን አየ። ጦሩን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እንደ መርዶ ነጋሪ ወገቡ ላይ አሸረጠና ፊቴ ቆመ። «ሙሉ» አለኝ፤ በልጅነታችን እንደሚጠራኝ። «ጎበዜ ሞቷል። እዚያ ማዶ፣ ከቀርከሃው ሥር። ከርከሮው እኔን ሊወጋ ሲመጣ መሃል ገብቶ ነው። ስሙን እየጠራሁት ነው የሞተው። ቀብሬዋለሁ፤ ሜዳ ላይ አልጣልኩትም።» ትንፋሹን ሳበ። «ስትደውዪልኝ አፌ ምን እንዳለ አላውቅም» አለ።

አለቀስኩ። ጮክ ብዬ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው። አንድም ሰው አልሳቀም። አንዱ አዳኝ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ፤ ሌላውም ተከተለ።

ግን ልብ በሉ፤ ይቅርታ አላለም። እስከ ዛሬም አላለም። ይቅርን ላመጣው ሄጄ ሳላመጣው ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ተሾመ አንገቱ ላይ ቅቤ ቀብቶለት፣ ገመዱን አጥሩ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ መንጋው ሲመለስም ይቅር እኔን ትቶ አብሯቸው ተኛ። ለአደን አፍንጫ ያለው ውሻ የልብስ ስፌት ሱቅ ሲጠብቅ አይኖርም። ባህሩዲን «ታረቃችሁ?» ሲለኝ «ኧረ ምን ሲደረግ!» ብዬዋለሁ።

አሁን ከየአደኑ በኋላ ተሾመ ይደውላል። ሰላምታ አያውቅም፤ አመሉ ነው። ስልኩን ሳነሳ «ይቅር» ይልና ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን መስመር የተቆረጠ እየመሰለኝ «ሃሎ? ሃሎ?» እል ነበር። አሁን አልልም። ፔዳሉን አቁሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ «ደህና ነው» ይላል።